ፔህልዋን የተባለው ልጄ

ከላሆር በሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ትዕግስቷ አልቆ፣ "እህቴ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ አቧራው ሲገባ መልሼ እዘጋለሁ። ልጄ ሰፍደር በመስኮቱ በኩል የሁለት ሰው ቦታ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እጄን ደረቱ ላይ ጣል አድርጌ የልቡን ምት ለመያዝ እሞክራለሁ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይጠፋብኛል፣ እኔም አብሬው እጠፋለሁ።

"ማሻአላህ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው! ምንድን ነው የምታበዪው?" አለች ሴትዮዋ፣ ልታጫውተኝ ብላ።

"ፔህልዋን እኮ ነው፣ ሐሙስ በወሊዩ ዚያራ ላይ ሊታገል ነው" ልላት ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቢሆን ደረቴን ነፍቼ እላት ነበር። አሁን ግን ዋጥኩት። በዚያው ጠዋት ዶክተር ተህሚና ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "ይህ ልጅ ከታገለ ልቡ እዚያው ሜዳው ላይ ሊቆም ይችላል" ብላኛለች። ሐሙስ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

እኛ ቤት ፔህልዋንነት፣ የትግል ጀግንነት፣ የቀልድ ነገር አይደለም። አማቴ ፈዝል ፔህልዋን በጉጅራንዋላ ዙሪያ ታግለው ያልጣሉት ሰው የለም ይባላል። አማቴ ብቻም አይደሉም፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ስለዚህ ካገባሁም በኋላ የምጠራቸው በልጅነቴ እንደለመድኩት "ታያ ጂ" እያልኩ ነው። ባሌ ኢድሪስ የእሳቸው ልጅ፣ የእኔ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ከዚህ የተሻለ ጋብቻ የለም። ሙሽራዋ ባዕድ ቤት አትገባም፣ አማት የሚሆናት በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት ሰው ነው። እኔም እየሳቅኩ ነው የገባሁት።

ሰፍደር ሲወለድ መንደሩ ሕፃን አይቶ የማያውቅ ይመስል ተንጋግቶ መጣ። ዓመት ሳይሞላው እሱን ታቅፌ ከደጅ እስከ ጓዳ መድረስ አቃተኝ። ጥጋብ የሚባል ነገር አያውቅም። ታያ ጂ "የፔህልዋን ሆድ ነው" አሉ፣ እኔም ቅቤ ጨመርኩለት። አደግ ሲል ቢጠሩት ዞር አይልም። መምህሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው መስሎት በአርጩሜ ገረፈው። ታያ ጂ ግን "የተመልካች ጫጫታ የማይገባበት ሰው ነው የሚያሸንፈው" ብለው ጭንቅላቱን ሳሙት። አንድ ቀን ደግሞ ከዳቦ ምድጃው የወደቀ ፍም ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ዳቦውን ሲገምጥ አገኘሁት። የተቃጠለ ሥጋ የሸተተኝ እኔን ነው፣ እሱ ማኘኩን እንኳ አላቆመም። እሪ ብዬ ጎትቼ አወጣሁት። ታያ ጂ እግሩን ገልብጠው አዩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከደስታ ነው! "ሕመም አያውቅም! ወላሂ ሕመም አያውቅም!" እያሉ ከቤት ቤት ዞረው አወሩ።

ሌላ ቤት ቢወለድ ኖሮ ወፍራም ነው፣ አይሰማም፣ እግሩ ደንዝዟል ብለው ሐኪም ዘንድ ይወስዱት ነበር። እኛ ቤት ተወለደና የትግል ግልድም አስታጠቁት። ባለፈው ክረምት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው፣ ጣፋጭና አዲስ ጥምጣም ይዞ አያቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ደቀ መዝሙር ሆነ።

አካራው፣ የትግል ሜዳው፣ ከቤታችን ጀርባ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ከሰናፍጭ ዘይትና ከእርድ ጋር አሽተው ያለሰለሱት አፈር ነው፣ ዙሪያውን በጡብ የታጠረ። ሴት እዚያ አትገባም፣ ወንድም ቢሆን ጫማ አድርጎ አይረግጠውም። እኔ ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ስወጣ ነው የማየው። ታያ ጂ ልጆቹን አስሩጠው ሲያበቁ በየተራ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ "ግባ" ወይም "ተቀመጥ" ይላሉ። ሰፍደር ጋ ሲደርሱ ግን ትከሻውን ቸብ አድርገው ያልፉታል። የልጅ ልጃቸውን ስለሚያምኑት ይመስለኝ ነበር።

ላሆር የወሰድኩት ለጆሮው ብዬ ነው። የጆሮ ሐኪሙ ውፍረቱን አየ፣ የተቃጠለ እግሩን አየ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚቱን ተጫን አደረገና ወደ ልብ ሐኪም ላከን። የልብ ሐኪሙ ደሙ ይመርመር ብሎ ወደ ዶክተር ተህሚና ላከን። ውጤቱ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። እኔም በመሃል ረሳሁት። ልጄ ፔህልዋን ሆኖልኝ ሐኪም ምን ያደርግልኛል!

ዶክተሯ ገና ወጣት ናት፣ ስታወራ ግን አትቸኩልም። "አራት በሽታ አይደለም ያለበት" አለችኝ። "አንድ ነው። ጆሮውም፣ የእግሩ ነርቭም፣ አለመጥገቡም፣ ልቡም የሚበላሹት በአንድ ምክንያት ነው። ከዘር የመጣ ነው።"

"ከእኔ ነው ወይስ ከአባቱ?" አልኳት። ከአባቱ ብትለኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ አላህ ያውቃል።

"ከሁለታችሁም። ሁለት አምፖል ያለው ክፍል አስቢ። አንዱ ቢቃጠል በሌላው ታያለሽ፣ መቃጠሉንም ልብ አትይም። አንቺም ባልሽም አንድ አንድ የተቃጠለ አምፖል ይዛችኋል። ያው አንዱን ነው፣ ከአንድ አያት ስለወረሳችሁት። ለሰፍደር ሁለታችሁም የተቃጠለውን ሰጣችሁት።" ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ፣ "ከቤተሰባችሁ ውስጥ በወጣትነቱ የሞተ ሰው አለ?" አለችኝ።

"የለም። አጎቴ ጉላም ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ በሽታ አይደለም የገደላቸው፣ ዓይን በልቷቸው ነው" አልኩና እየሳቅኩ ማውራት ጀመርኩ። በቤታችን በየበዓሉ የሚወራ ወግ ነው። የታያ ጂ ታናሽ ወንድም፣ ግዙፉ ጉላም፣ ጢማቸው በቅጡ ሳያቀመቅም በትግል ላይ የሞቱት። ትኩረታቸው ከመብዛቱ የተነሳ ከበሮው ሲመታ አይሰሙም ነበር፣ ትግሉ ሲጀመር ከበሮ መቺው መጥቶ ትከሻቸውን በእጁ ይነካቸው ነበር። እዚህ ስደርስ ዞር ብዬ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰፍደርን አየሁት። ስንት ዓመት በኩራት ያወራሁትን ወግ ያን ቀን ገና ሰማሁት።

ቤት እንደገባሁ ኢድሪስን ጓዳ ጎትቼ ነገርኩት። የማራገቢያ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ዝንብ የማይነካ ሰው ነው። ፊቱ አመድ መሰለ፣ አለቀሰም። "እንግዲህ ለአባትህ ንገራቸው" ስለው ግን እንባው ወዲያው ደረቀ።

"እኔ? ለአባቴ?"

"ታዲያ የማን አባት ናቸው?"

"አንቺን ይወዱሻል። ደግሞ አጎትሽ ናቸው። በደም ብንሄድ አንቺም እንደ እኔው ነሽ።"

"አዎ፣ ችግሩም እሱ ነው!" ብዬ ትቼው ወጣሁ።

ታያ ጂ ግቢው ውስጥ የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ለሰፍደር በመፍጫ ዱላ አልመንድ ይፈጫሉ። ወተትና ስኳር ጨምረው ጠዋትና ማታ በትልቅ ጣሳ ያጠጡታል፣ ሌላ ሰው እንዲፈጭ አይፈቅዱም። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ዶክተሯ ያለችኝን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ዱላቸው አልቆመም።

"ጨረስሽ?" አሉኝ።

"ጨረስኩ፣ ታያ ጂ።"

"ይህች የላሆር ልጅ የእኛ ደም የተበላሸ ነው አለችሽ። አንቺም ይህን ተሸክመሽ ቤቴ ድረስ አመጣሽልኝ።"

"ደሙ የእኔም ነው። ልጁም የእኔ ነው።"

"ነጅማ ልጄ፣ ይህ ልጅ እኮ አላህ ጠርቦ የሰጠን ነው። እናት ሁሉ ትፈራለች። የእኔም እናት ትፈራ ነበር።"

"ለጉላም አጎቴም እናትዎ ፈርተው ነበር?"

ዱላው ቆመ። ቀና ብለው አላዩኝም። መመለስ እንደማልችል እያወቅኩ ጨመርኩበት። "የሁሉንም ልጅ ደረት በመዳፍዎ ያዳምጣሉ። የሰፍደርን ለምን አያዳምጡም?"

እጃቸው ላይ ያለው ዱላ ሊወረወርብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን መፍጨታቸውን ቀጠሉ። አልመንዱ ልሞ ቅባት እስኪያወጣ፣ ከዚያም አልፎ ፈጩት። ተነስቼ ሄድኩ።

ረቡዕን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ስጠርግ የጠረግኩትን መልሼ እጠርጋለሁ። መጨረሻ ላይ ግልድሙን ልደብቅ ተነሳሁ፣ ያለ ግልድም ማን ይታገላል? የት እንደደበቅኩት ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። ቂጣም በምናስቀምጥበት የዱቄት በርሜል ውስጥ ቀበርኩት። ሁልጊዜ የሚራበው ልጄ ቀድሞ የሚፈትሸውን ቦታ! ሳይውል ሳያድር ፊቱን ዱቄት ነክቶት፣ በአንድ እጁ ቂጣ፣ በአንድ እጁ ግልድሙን ይዞ ከፊቴ ቆመ።

"አሚ፣ ምንድን ነው ይሄ?" ሲናገር የቃላቱን ጫፍ ይውጣቸዋል፣ እኔ ግን አንድም አያመልጠኝም። "ቀናሽብኝ እንዴ?"

"ሐሙስ አትታገልም" አልኩት፣ ከንፈሬን እንዲያይ ቀስ ብዬ።

"አያቴ ትታገላለህ ብለውኛል።"

"እኔ አትታገልም ብያለሁ! አለቀ!"

ሳቀብኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና፣ "ትምህርት ቤት ደንቆሮው ነው የሚሉኝ። መንገድ ላይ ጎሹ መጣ ነው የሚሉኝ። እዚያ አፈሩ ላይ ስወጣ ግን ፔህልዋን ነኝ። እሱን ልትወስጂብኝ ነው?" አለኝ። አንጀቴን በላው። ቂጣውን አስቀምጦ ወጣ። ቂጣ ትቶ ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

ሐሙስ የወሊዩ ዚያራ ሕዝብ ከየመንደሩ ጎረፈ። አዲስ ልብስ፣ ጥብስ ሻጭ፣ የልጆች ፉጨት፣ ትግሉ የሚካሄድበት የእኛ አካራ ዙሪያ ተጨናነቀ። እኛ ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ጣሪያ ላይ ወጣን። ኢድሪስን ጠዋት እጁን ይዤ፣ "አንድ ቃል ብቻ ተናገር" ብዬው ነበር። "እስቲ ይሁን" ብሎኛል። አሁን ከላይ ሆኜ ሳየው ከሰው መሃል ቆሞ ጫማውን ያያል።

ሰፍደር ዘይት ተቀብቶ ወጣ። ሕዝቡ ጮኸ። አፈሩን በግንባሩ ነክቶ ለሰላምታ ሜዳውን አንዴ ዞረ፣ አንዴ ብቻ። ትከሻው ከፍ ዝቅ ሲል፣ አፉ ሲከፈት ከጣሪያው ላይ ይታየኛል። ተጋጣሚው ቀጭን፣ ጅማታም ልጅ ነው። ከበሮው መመታት ጀመረ። ተጋጣሚው ጭኑን እየመታ መሃል ገባ፣ ሰፍደር ግን ፊቱን ወደ አያቱ እንዳዞረ ቆሟል። ከበሮው ደገመ። አልሰማም። ሽማግሌው ከበሮ መቺ ከበሮውን ወደ ጎን አንጠልጥሎ ሄደና ትከሻውን በእጁ ነካው።

ከዚያ በኋላ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ጎረቤቴ ሻርፔን ይዛ ነበር፣ ግማሹ እጇ ላይ ቀረ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ በወንዶቹ መሃል ሰንጥቄ አለፍኩ፣ ጡቡን ተሻገርኩና ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ የአካራው አፈር መሃል ቁጭ አልኩ።

የተረገጠ አካራ ረክሷል። አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ሌላ አፈር ይመጣል፣ በዘይት ታሽቶ ይሰነብታል። እስከዚያ ማንም አይታገልበትም። ይህን እዚያ የቆመ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቄ ነው የገባሁት።

ከዚያ ጩኸቱ ፈነዳ። "ኢድሪስ! ሚስትህን አንሳ!" "ኧረ ልትታገል ነው የመጣችው! በስንት ኪሎ ነው የምትገባው?" አለ አንዱ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ከአንተ ጋር ከሆነ በማንኛውም ኪሎ!" አልኩት።

ታያ ጂ መጡ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል፣ ቀኝ እጃቸው ተነስቷል። በሕይወቴ መትተውኝ አያውቁም።

"ይምቱኝ፣ ታያ ጂ" አልኳቸው። "ግን መጀመሪያ ይህን እጅ ደረቱ ላይ ያሳርፉት። ከዚያ ግባ ካሉት እኔው ተነስቼ እወጣለሁ።"

ሰፍደር አጠገባችን ቆሞ አንዴ የእኔን አፍ፣ አንዴ የእሳቸውን ያያል። ምንም ሳይታገል ያለከልካል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። የተነሳው እጅ አየር ላይ ቆየ። ቀስ ብሎ ወርዶ የልጁ ደረት ላይ አረፈ። ታያ ጂ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። ብዙ ቆዩ።

ከዚያ አጠገቤ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "የጉላምም እንዲህ ነበር" አሉኝ። "ያን ቀን በዚህ መዳፌ አዳምጬዋለሁ። ልክ እንዲህ ነበር። ሕዝቡ ይጠብቃል ብዬ ግባ አልኩት።"

ያንን ሁሉ ሰው የጣለውን እጃቸውን ያዝኩ። ከዚያ ተነሱ፣ ጥምጣማቸውን አስተካከሉና ለሕዝቡ፣ "አፈሩ ረክሷል! ዛሬ ትግል የለም!" ብለው ጮኹ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እስከ ዛሬ በመንደራችን የዚያን ዓመት ዚያራ ያበላሸው የነጅማ ጫማ ነው ይባላል። ይበሉ።

ሰፍደር ግን ጀርባውን ሰጠኝ። ደንቆሮ ልጅ ያላት እናት ብቻ ናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባት። ሌላ ልጅ ቢቆጣ ቢያንስ ስትጮህበት ይሰማል። እሱ ፊቱን ካዞረ እኔ የለሁም። ቅቤ የሌለው ምስር አቀርብለታለሁ፣ ግድግዳውን እያየ ይበላል። መድኃኒቱን እሰጠዋለሁ፣ ከእጄ ሳይሆን ካስቀመጥኩበት አንስቶ ይውጣል። ፊት ለፊቱ ለመቆም በዞርኩ ቁጥር እሱም ይዞራል። አንድ ቀን እንዲህ ስንዞር ኢድሪስ አየንና ሳቁ አምልጦት ከጓዳ ሸሸ። እኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። የሚተነፍስ መሆኑን ለማረጋገጥ ስንት ጊዜ እንደምነሳ እኔና አላህ እናውቃለን።

አያቱን ግን አልከለከላቸውም። ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፣ መዳፋቸውን ደረቱ ላይ ያሳርፋሉ፣ "ተቀመጥ" ይሉታል። አልመንዱን ትተዋል። አንድ ቀን ከሶላት በኋላ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀምጠው ሳይ ምድጃው ጋ ቆሜ ቀረሁ። ታያ ጂ አፋቸውን ሰፋ እያደረጉ፣ ቀስ እያሉ ያወራሉ። ሰፍደር ከንፈራቸው ላይ ዓይኑን ተክሏል። "ጉላም" ሲሉ ለየሁት። ሽማግሌው መናገር አቅቷቸው ሲያቆሙ፣ ልጁ እጃቸውን አንስቶ ራሱ ደረቱ ላይ መለሰው።

ከዚያ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። ፊት ለፊቴ፣ ምድጃው አጠገብ ባለው ጣውላ ላይ ተቀመጠ። ከስንት ጊዜ በኋላ ዓይኑን አየሁት።

"አሚ" አለኝ፣ "ለአባቴ ነገርሽ። ለአያቴ ነገርሽ። ለመንደሩ ሁሉ በጫማሽ ነገርሽ። ልቡ ግን የማን ነው?"

ዶክተሯ ስትናገር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አውቶቡሱ ላይ አጠገቤ ነበር። ግልድሙን ይዞ ሲጠይቀኝ "አትታገልም" ብቻ ነበር ያልኩት። እንዴት አላሰብኩትም?

"ይገድለኛል?" አለ።

ጥያቄው እንደ ልጅ ጥያቄ አልነበረም። ሻርፔን ከአፌ ላይ አወረድኩ። ከንፈሬ ደህና እንዲታየው ፊቴን ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩና፣ ከጆሮው ጀምሬ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።